የቫያዶሊድን ክርክር ተማሪዎች በመድረክ ሊያቀርቡት ነው፤ ጥያቄውን እንዴት እናስቀምጠው?

የሽምብጥ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ባሕር ዳር የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የክርክር ክበብ አለን። በ1550 እ.ኤ.አ. ስፔን ውስጥ ቫያዶሊድ ከተማ የተካሄደውን ክርክር በሁለት ወገን ከፍለን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ልናቀርበው አስበናል። አንዱ ወገን ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የተከራከረውን የመነኩሴውን የባርቶሎሜ ዴ ላስ ካሳስን፣ ሌላው በእነሱ ላይ ጦር መክፈትን የደገፈውን የሊቁን የኹዋን ሂኔስ ዴ ሴፑልቬዳን አቋም ይይዛል። ያለን ጊዜ 90 ደቂቃ ነው።

ርዕሱን «የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ሰው ናቸው ወይስ አይደሉም?» ብለነው ነበር። በዚህ ርዕስ ግን የሴፑልቬዳን ወገን የሚይዝ ተማሪ ጠፋ። የያዙትም ወይ ያፍራሉ፣ ወይ ወደ ስድብ ይገባሉ። ዳኞቹስ በመጨረሻ «እገሌ አሸነፈ» ይበሉ ወይስ ሌላ መንገድ አለ? ከታዳሚው «ይሄ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ጥያቄ መምጣቱም አይቀርም። ጉዳዩን የምታውቁ እባካችሁ አግዙን።

ግሽ ዓባይ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ርዕሱን ለውጪው። የቀረው ችግር ግማሹ ከእሱ የመጣ ነው። ቫያዶሊድ ላይ «ሰው ናቸው ወይ?» ተብሎ አልተጠየቀም። የሮማው ፓፓ ጳውሎስ 3ኛ በ1537 ባወጡት ደብዳቤ ነባሮቹ እውነተኛ ሰዎች መሆናቸውን፣ ክርስቲያን ባይሆኑም እንኳ ነጻነታቸውና ንብረታቸው ሊነጠቅ እንደማይገባ ጽፈው ነበር። ሴፑልቬዳም ነፍስ የላቸውም አላለም፤ ነፍስ ከሌላቸውማ ወንጌል ለማን ይሰበካል? ንጉሠ ነገሥቱ ካርሎስ 5ኛ ለጉባኤው ያቀረበው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ወንጌል ከመሰበኩ በፊት በእነዚህ ሕዝቦች ላይ ጦር ከፍቶ ማስገበር፣ ከዚያ በኋላ ማስተማር፣ በሕግም በሕሊናም ይፈቀዳል ወይ? ርዕሱ ይህ ይሁን። ያኔ ሁለቱም ወገን የሚናገረው ያገኛል።

አካሄዱንም ከእውነተኛው ጉባኤ ውሰጂ። ንጉሡ ኤፕሪል 16 ቀን 1550 ጉዳዩ እስኪመረመር ድረስ አዲስ ዘመቻ እንዲቆም አዘዘ። ኦገስት ላይ በሳን ግሬጎሪዮ ኮሌጅ 14 ዳኞች ተሰየሙ፤ ከእነሱ ውስጥ የሥነ መለኮት ሊቃውንትም የሕግ አዋቂዎችም ነበሩ። ሴፑልቬዳ መጀመሪያ ገብቶ ሦስት ሰዓት ያህል ተናገረ። ላስ ካሳስ ቀጥሎ ገብቶ የጻፈውን ሲያነብ አምስት ቀን ፈጀበት። ሁለቱ ፊት ለፊት አልተከራከሩም። ከዳኞቹ አንዱ ዶሚንጎ ዴ ሶቶ የሁለቱንም ቃል አሳጥሮ ጻፈ፤ ሴፑልቬዳ ያንን አንብቦ 12 ተቃውሞ አቀረበ፤ ላስ ካሳስ ለ12ቱም መልስ ሰጠ። በ1551 ኤፕሪልና ሜይ ላይ ዳኞቹ እንደገና ተሰብስበው የጋራ ፍርድ ሳይሰጡ ተበተኑ።

ለ90 ደቂቃ፣ አንድ ተማሪ ሶቶን ሆኖ ጥያቄውን በ5 ደቂቃ ያስቀምጥ። ሴፑልቬዳ 12 ደቂቃ፣ ላስ ካሳስ 18 ደቂቃ ይናገሩ። ከዚያ 10 ደቂቃ ዕረፍት ይሁንና የሴፑልቬዳ ወገን አራት ተቃውሞ በወረቀት ጽፎ ለሌላው ወገን ይስጥ። ለእያንዳንዱ ተቃውሞ ከነመልሱ 5 ደቂቃ፣ በድምሩ 20። የቀረው 25 ደቂቃ ለዳኞችና ለታዳሚው ይበቃል። ተቃውሞው በጽሑፍ መሆኑ ዋናው ነገር ነው፤ በቃል ከሆነ ልጆቹ እርስ በርስ ድምፅ በማሸነፍ ጊዜው ያልቃል።

ሴፑልቬዳ አራት ምክንያት አለው። ጣዖት ማምለካቸውና በተፈጥሮ ሕግ ላይ ይፈጽሙታል ያለው ኃጢአት፤ ያልሠለጠነ ለሠለጠነ መገዛት አለበት የሚለው ከአርስጣጣሊስ የወሰደው ሐሳብ፤ ከተገዙ በኋላ ስብከት ይቀላል የሚለው፤ በመጨረሻም ለመሥዋዕት የሚታረዱ ንጹሐንን ማዳን ግዴታ ነው የሚለው። ልጆቹ ስድብ ውስጥ የሚገቡት ሁለተኛውን ይዘው ስለሚሮጡ ነው። አራተኛውን አስይዣቸው። የሳላማንካው ሊቅ ፍራንሲስኮ ዴ ቪቶሪያ በ1539 «ፓፓው የዓለም ጌታ ነው»፣ «ንጉሠ ነገሥቱ የዓለም ጌታ ነው» የሚሉትን ምክንያቶች ውድቅ ሲያደርግ እንኳ፣ ንጹሐንን ከግፍ ሞት ማዳንን ግን ተቀባይነት ካላቸው ምክንያቶች ውስጥ አስገብቶታል። ዛሬም መንግሥታት ወደ ሌላ አገር ጦር ሲልኩ ይህንኑ ያነሣሉ። ተማሪ አፍሮ የሚሸሸው ክርክር አይደለም።

በዚህ ምክንያት የላስ ካሳስ ወገን «ግፍ ነው» እያለ ብቻ አያሸንፍም። የላስ ካሳስ መልስ በሥልጣን ይጀምራል፦ ለመቅጣት ዳኝነት ያስፈልጋል፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ባልተጠመቀ ሰው ላይ ዳኝነት የላትም። ሥልጣን ቢኖር እንኳ ሚዛኑን ማየት ግድ ነው ይላል። ንጹሕ ሰው ማዳን ተገቢ ቢሆንም፣ የማዳኛው መንገድ ከሚድኑት ይልቅ ብዙ ንጹሐንን የሚገድል ከሆነ መተው አለበት፤ ከተማ የገባ ጦር ሕፃንና ሽማግሌ አይለይም። ስለ አለመሠልጠንም፣ በተፈጥሮው ራሱን ማስተዳደር የማይችል ሰው ቢኖር እጅግ ጥቂት ነው፤ ከተማ፣ ሕግ፣ ገበያና ሹመት ያላቸው የሜክሲኮና የፔሩ ሕዝቦች ከዚያ ሊቆጠሩ አይችሉም ብሎ ተከራከረ።

የሴፑልቬዳ ወገን በተቃውሞው ላይ ሁለት ጠንካራ ጥያቄ ማንሣት ይችላል። አንደኛው፦ ላስ ካሳስ ራሱ ፓፓ አሌክሳንደር 6ኛ በ1493 ለስፔን የሰጡትን ሥልጣን አይክድም፤ ለስብከት ብቻ የተሰጠ ነው ይላል። ታዲያ ሰባኪው ሲባረር ያ ሥልጣን ምን ይጠቅማል? ሁለተኛው፦ በ1549 የዶሚኒካን ማኅበር መነኩሴ ሉዊስ ካንሴር ያለ መሣሪያ ፍሎሪዳ ሄዶ ተገደለ፤ ሰባኪን ማን ይጠብቃል? ላስ ካሳስን የሚይዘው ተማሪ ለእነዚህ አስቀድሞ መልስ ካላዘጋጀ መድረክ ላይ ይደናገራል።

አንድ ደንብ ደግሞ ይኑራችሁ። ተናጋሪው «እኔ አምናለሁ» ሳይሆን «ሴፑልቬዳ እንዲህ ይላል» እያለ ይናገር። ሴፑልቬዳን እንደ ክፉ አሻንጉሊት የሚያሳይ ተማሪ ላስ ካሳስ ያለ ሥራ እንዲያሸንፍ ያደርጋል፤ ታዳሚውም ምንም ሳይማር ይወጣል።

ጎርጎራ ማዶ

«ለእኛ ምናችን ነው?» ለሚለው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ላስ ካሳስ ለዓመታት የወተወተለት፣ ነባሮችን ባሪያ ማድረግን የከለከለው የስፔን «አዲስ ሕግ» የወጣው ኖቬምበር 20 ቀን 1542 ነው። ሦስት ወር ቆይቶ፣ በፌብሩዋሪ 1543፣ ዐፄ ገላውዴዎስ ከጣና በስተ ምሥራቅ ወይና ደጋ ላይ የኢማም አሕመድን ጦር ድል አደረገ። ቫያዶሊድ ላይ ሲከራከሩም ገላውዴዎስ በዙፋኑ ላይ ነበር። ልጆቹ ሁለቱን ዘመን በአንድ ሰሌዳ ላይ ሲያዩት ነገሩ የሩቅ ተረት መሆኑ ይቀራል።

የሴፑልቬዳ ሦስተኛ ምክንያት፣ «ኃይል ካለ ስብከት ይቀላል» የሚለው፣ እዚሁ ሐይቅ ዳር ተሞክሯል። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 መጥቶ፣ አማርኛና ግዕዝ ተምሮ፣ በማግባባት ዐፄ ሱስንዮስን ወደ ካቶሊክ እምነት ሳበ፤ በ1622 ጎርጎራ ላይ ሞተ። በ1625 የመጣው ፖርቱጋላዊው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ግን ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ክህነት ይቀበሉ፣ ቀዳሚት ሰንበት ትቅር አለ፤ ንጉሡም በኃይል አስፈጸመው። አገሩ በዐመፅ ተናጠ። በ1632 ሱስንዮስ የቀድሞውን እምነት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ጎርጎራ ያለው የኢየሱሳውያን ሕንፃ ፍራሽ የዚያ ዘመን ነው። ልጆቹ ግን ሁለቱን ታሪክ አንድ እንዳያደርጉት አደራ። ኢትዮጵያ የስፔን ቅኝ ግዛት አልነበረችም፤ ሕዝቡ ክርስቲያን ነበር፤ ያስገደደውም የገዛ ንጉሡ ነው። የሚገናኙት በማስገደዱ ጥያቄ ላይ ብቻ ነው።

ሌላም አለ። ላስ ካሳስ ከመነኮሰ በፊት ኩባ ውስጥ ነባሮችን የሚያሠራ ቄስ ነበር። በ1514 ለበዓለ ጰራቅሊጦስ ስብከት ሲያዘጋጅ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 34 ላይ ደረሰ፤ ከድሀ በተቀማ ነገር መሥዋዕት የሚያቀርብ ልጁን በአባቱ ፊት እንደሚያርድ ሰው ነው የሚለውን አንብቦ በእጁ ያሉትን ሰዎች ለቀቀ። ሲራክ በእኛ 81 መጻሕፍት ውስጥ ስላለ ልጆቹ በአማርኛ ሊያነቡት ይችላሉ። በ66ቱ ውስጥ ስለማይገኝ ግን ለፕሮቴስታንት ተማሪዎች ገጹን ኮፒ አድርገሽ ብታድይ ጥሩ ነው። የላስ ካሳስን ወገን የሚከፍት ተማሪ ከዚህ ቢነሣ አዳራሹ ወዲያው ይከተለዋል።

የሕግ ደብተር

ግሽ ዓባይ ያሉት ትክክል ነው፤ ግን ክርክሩ ቫያዶሊድ ላይ ከቆመ ልጆቹ «ስፔኖች ይህን ያህል ካሰቡበት ለምን ያ ሁሉ ሆነ?» ብለው ግራ ይጋባሉ። ሕግ አልጠፋም። አስፈጻሚው ራሱ ተጠቃሚ መሆኑ ነው የገደላቸው። ይህን ማሳየት የእናንተ ዋና ሥራ ይመስለኛል።

መነሻው ኤንኮሚዬንዳ የሚባለው ሥርዓት ነው። ለአንድ ስፔናዊ የተወሰኑ ሰዎች ይመደቡለታል፤ እነሱ ግብርና ጉልበት ይሰጡታል፣ እሱ ደግሞ ሊጠብቃቸውና ሃይማኖት ሊያስተምራቸው ይገባል። መሬቱ የእሱ አይሆንም። ለእኛ ሰው ለማስረዳት ከርስት ይልቅ ወደ ጉልት ይቀርባል በሉ፤ የተሰጠው ከሰው ላይ የመብላት መብት ነው። ልዩነቱ፣ ባለመብቱ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ወርቁን ቶሎ አውጥቶ መመለስ ይፈልጋል፤ የተመደቡለት ሰዎች ቢያልቁ ሌላ እንዲሰጠው ይጠይቃል። ከሰዎቹ ጋር የሚያቆራኘው ዝምድናም ቋንቋም የለም።

በዲሴምበር 21 ቀን 1511 ሳንቶ ዶሚንጎ ውስጥ አንቶኒዮ ዴ ሞንቴሲኖስ የተባለ መነኩሴ ሰፋሪዎቹን ፊት ለፊት፣ በምን ሥልጣን ነው እነዚህን ሰዎች የምትጨርሱት፣ እነዚህስ ሰዎች አይደሉምን ብሎ ሰበከ። ያ ስብከት ንጉሡ ዘንድ ደርሶ በ1512 የቡርጎስ ሕግ ወጣ። አንቀጾቹን ብታነቧቸው ዝርዝራቸው ያስገርማል። ማዕድን ላይ አምስት ወር የሠራ ሰው 40 ቀን ይረፍ፤ አራት ወር ያለፋት ነፍሰ ጡር ማዕድን አትላክ፤ ማንም ነባሩን በዱላ አይምታ፣ «ውሻ» ብሎም አይጥራው። ግን ይህን የሚቆጣጠሩት መርማሪዎች ከዚያው ከሰፋሪዎቹ መሐል ተመርጠው፣ ለድካማቸውም ነባር ሕዝብ ይመደብላቸው ነበር። ማን ማንን ይከስ?

በ1513 የሕግ ሊቁ ፓላሲዮስ ሩቢዮስ ያዘጋጀው የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ጦር ከመከፈቱ በፊት ይነበባል፦ እግዚአብሔር ሥልጣን ለጴጥሮስ ሰጠ፣ ፓፓውም ይህን ምድር ለስፔን ነገሥታት ሰጠ፣ ተቀበሉ፤ እምቢ ካላችሁ እንወጋችኋለን፣ እናንተንም ሚስትና ልጆቻችሁንም ባሪያ እናደርጋለን፣ ጥፋቱም የእናንተ ነው ይላል። በስፔንኛ፣ ብዙ ጊዜ ያለ አስተርጓሚ፣ አንዳንዴም መንደሩ ሳይሰማ ከሩቅ ይነበብና አንድ ጸሐፊ «ተነቧል» ብሎ ይፈርማል። በመድረክ ላይ አንድ ተማሪ ይህን ታዳሚው በማያውቀው ቋንቋ ለሁለት ደቂቃ ቢያነበው፣ ሌላው ወረቀቱ ላይ ቢፈርም፣ ከዚያ ብቻ ትርጉሙ ቢነገር፣ የአሥር ደቂቃ ንግግር የማያስረዳውን ያስረዳል።

የ1542ቱን አዲስ ሕግ በደንብ ያዙት። ነባሮችን ባሪያ ማድረግን ከለከለ፤ ከባለሥልጣናትና ከቀሳውስት እጅ ያሉት ወዲያው ይወሰዱ፤ የሌላውም ባለቤቱ ሲሞት ወደ ንጉሡ ይመለስ፣ ለልጅ አይተላለፍ አለ። ፔሩ ውስጥ ጎንሳሎ ፒሳሮ ሰፋሪዎቹን አስተባብሮ ዐመፀ። ንጉሡ የውርሱን ክልከላ በኦክቶበር 1545 ሻረው፤ ሕጉን ሊያስፈጽም የሄደው እንደራሴ ብላስኮ ኑኜስ ቬላ በጃንዋሪ 1546 በጦርነት ተገደለ። ጎንሳሎ በ1548 አንገቱ ቢቆረጥም፣ የዐመፁ ጥያቄ ከእሱ በፊት ተፈቅዶ ነበር። ስለዚህ የቫያዶሊድ ዳኞች ሲሰየሙ ይህ ሁሉ ትናንት የሆነ ነገር ነው፤ ላስ ካሳስ አምስት ቀን ሙሉ ያነበበውም፣ ሕግ ሲሸነፍ ያየ ሰው ስለሆነ ነው።

የሽምብጥ መምህርት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ርዕሱን ለውጠነዋል። ሁለት ነገር ግን ቀረኝ። አንድ ተማሪ ላስ ካሳስ ራሱ አፍሪካውያን ባሮች ይምጡ ብሎ እንደነበር አግኝቶ አዝኗል። እንተወው ወይስ እናንሣው? የሟቾች ቁጥርስ?

የቤዛዊት አንባቢ

እህቴ፣ አትተዉት። ከተዋችሁት የሴፑልቬዳ ወገን ያነሣዋል፣ ያኔ የተደበቀ ይመስላል። ላስ ካሳስ በ1516 ለመንግሥት ባቀረበው ሐሳብ ነባሮቹን ለማሳረፍ ባሮች ከውጭ እንዲገቡ ጠይቋል። በኋላ በጻፈው ታሪክ ላይ አፍሪካውያኑም በግፍ የተያዙ መሆናቸውን ጠቅሶ ራሱን ወቅሷል። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ተናገሩ። ለአፍሪካዊ ተማሪ ይህ የጎን ጉዳይ አይደለም፦ ለአንዱ ሕዝብ የተገኘው የፍትሕ ዓይን ለሌላው እስኪበራ ዓመታት ፈጀ፤ ባሪያ ንግዱም ከእሱ ሐሳብ በፊት ተጀምሮ ከእሱ ጸጸት በኋላም ቀጠለ።

ቁጥርን በተመለከተ፣ በሟች ብዛት ላይ ክርክር አትመሥርቱ። ሳንቶ ዶሚንጎ ባለችበት በሂስፓኞላ ደሴት ከኮሎምበስ በፊት የነበረውን ሕዝብ አንዱ ተመራማሪ ጥቂት መቶ ሺህ፣ ሌላው ከሚሊዮን በላይ ያደርገዋል። ፈንጣጣ ደሴቲቱ የገባው በ1518 መጨረሻ ነው፤ በ1514 ነባሮቹ ለሰፋሪዎች ሲከፋፈሉ ግን የቀሩት ከ30 ሺህ በታች ነበሩ። ሕዝቡ ከፈንጣጣ በፊት እንዳለቀ ይህ ብቻ ይበቃል፤ «ፈንጣጣ ነው የጨረሳቸው» ለሚልም መልስ ይሆናል። በቫያዶሊድም ቁጥር መሣሪያ ነበር፦ ሴፑልቬዳ በሜክሲኮ በየዓመቱ ከ20 ሺህ በላይ ሰው ይሠዋል ሲል ላስ ካሳስ ሃምሳም አይሞላ ብሎ መለሰ። ሁለቱም አልቆጠሩም።

ሥዕልም ስትመርጡ ተጠንቀቁ። ኢንተርኔት ላይ የሚዞሩት የተቆራረጡ ሰዎች ሥዕሎች የቴዎዶር ዴ ብሪ ማተሚያ ቤት ውጤቶች ናቸው፤ ሠዓሊዎቹ ቦታውን ሳያዩ፣ ስፔንን የሚጠሉ ፕሮቴስታንት አገሮች በሚያነቡት የላስ ካሳስ መጽሐፍ እትም ላይ በ1598 ያወጧቸው። የፕሮፓጋንዳ ታሪክ ማስረጃ ይሆናሉ፤ የዓይን ምስክር ግን አይደሉም።

እስካሁን ማንም ያላነሣው ደግሞ ይህ ነው፦ ቫያዶሊድ ላይ ከነባሮቹ አንድም ሰው አልተጠራም። በመድረኩ ላይ አንድ ባዶ ወንበር ከማስቀመጥ የራሳቸውን ድምፅ ማስገባት ይሻላል፤ ድምፃቸው አልጠፋምና። ሜክሲኮ ውስጥ የሁኤሆሲንጎ ከተማ ምክር ቤት በ1560 በገዛ ቋንቋው በናዋትል ለስፔን ንጉሥ ጽፎ የተጫነበት ግብር እንዲቀነስ ጠይቋል። የፔሩ ባላባቶች በዚያው ዘመን ላስ ካሳስን ወኪል አድርገው፣ ኤንኮሚዬንዳ ለዘላለም እንዳይሸጥ ሰፋሪዎቹ ካቀረቡት በላይ ገንዘብ ለንጉሡ እንከፍላለን አሉ። የፔሩ ነባር ተወላጅ ፌሊፔ ጓማን ፖማ ደግሞ በ1615 ገደማ ከአንድ ሺህ ገጽ በላይ፣ 398 ሥዕል ያለበት አቤቱታ ለንጉሡ ጻፈ። ከሶቶ ቀጥሎ አንድ ተማሪ ከእነዚህ አንዱን በ4 ደቂቃ ያቅርብ፤ ጊዜውን ከዕረፍቱ ቀንሱ።

ጎርጎራ ማዶ

የቤዛዊት አንባቢ ያሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ታዳሚው «እኛስ?» ሲል ልጆቹ ወዲያው ነገደ ወይጦዎችን እንደ ምሳሌ ሊጠሩ ይችላሉ። የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ ተብለው ለዘመናት የተገለሉ፣ ጣንኳ የሚሠሩ የዚህ ሐይቅ ሰዎች ናቸው፤ «የሚበሉት ያረክሳል» የሚለውም ከሴፑልቬዳ የመጀመሪያ ምክንያት ጋር ይቀራረባል። ግን በአዳራሹ ውስጥ የወይጦ ልጅ ሊኖር ይችላል። በሌለበት ስለ እሱ ማውራት ቫያዶሊድን መድገም ነው። ጉዳዩን ማንሣት ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ከማኅበረሰቡ ሰው ጠይቁ፤ ፈቃደኛ ከሆነ ከ25ቱ ደቂቃ ላይ እሱ ይናገር።

ግሽ ዓባይ

ስለ ዳኞቹ ሳልመልስ ቀርቻለሁ። ሰባት ተማሪ ይበቃል፤ ድምፅ አትቁጠሩ። እያንዳንዱ «ጦር አስቀድሞ ይፈቀዳል፣ አይፈቀድም፣ ወይም በዚህ ሁኔታ ብቻ» ብሎ ምክንያቱን በሦስት መስመር ጽፎ ያንብብ። በዳኛው ወረቀት ላይ «ሥልጣኑን ማን ሰጠ?» እና «ከሚድነው የሚሞተው ይበዛል ወይ?» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ታትመው ይቅረቡ፤ አለዚያ ጥሩ የተናገረውን ይመርጣሉ።

ማስታወቂያው ላይ ደግሞ በአንድ የዘመን አቆጣጠር ብቻ ጻፉ። ኦገስት 1550 በእኛ ነሐሴ 1542 ዓ.ም. ነው፤ 1542 እ.ኤ.አ. ደግሞ አዲሱ ሕግ የወጣበት ዓመት ነው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ተማሪው ሕጉንና ክርክሩን የአንድ ዓመት ነገር ያደርጋቸዋል፤ በመካከል የነበረው የፔሩ ዐመፅም ከታሪኩ ይወጣል።